ሰሊጡ፣ ዕጣኑና የጣራ ገዳም ደን

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርስ አንገቱን ቀና ቢያደርግ አንድ የሚገርም ነገር ያያል። ዙሪያው ሁሉ እርሻ፣ የግጦሽ መሬትና ባሕር ዛፍ ሆኖ ሳለ ከከተማዋ በላይ ያለው ተራራ ግን ጥቅጥቅ ባለ አገር በቀል ደን ተሸፍኖ ይታያል። ይህ የጣራ ገዳም ደን ነው። ሌላው ሲመናመን ይህ እንዴት ቆመ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው፣ ሳያውቀው የዩኒየናችንንም ጉዳይ እየጠየቀ ነው። ጥያቄው የጋራ የሆነን ሀብት ማን ይጠብቃል? ማንስ ሸጦ ይበላዋል? የሚል ነውና።

የምሥረታ በዓላችንን ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር የሚጽፉ ብዙ ናቸው። እኔ ግን እንደ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ስለ ደን ታሪክ፣ በተለይም ደንና ገበያ ስላላቸው ግንኙነት ጥቂት ለማለት ወድጃለሁ።

ገዳሙ ያቆየው ደን

የጣራ ገዳም ደን ስፋት 875 ሄክታር ገደማ ነው። ወይራ፣ ጽድ፣ ብሳና፣ ሰሳ፣ አጋም፣ ክትክታና ሌሎችም በጥቅሉ ከመቶ በላይ የሚሆኑ የዛፍና የቁጥቋጦ ዝርያዎች ይገኙበታል። ለቆላውም ሆነ ለወይና ደጋው አርሶ አደር ምንጭ የሚጠብቅ፣ ንብ የሚቀስምበት፣ ጎርፍ የሚያበርድ ደን ነው።

ደቡብ ጎንደር በቤተ ክርስቲያን ደኖቹ በዓለም የታወቀ አካባቢ ሆኗል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ባካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት 168 የእንጨት ተክል ዝርያዎችን መዝግበዋል። ከአጥሩ ውጭ ፈልጎ የማይገኝ ዘር ከአጥሩ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው። እኚሁ ተመራማሪ ከብት እንዳይገባ የተከለለ ደን ውስጥ ችግኝ እንደሚተካ፣ ከብት በሚመላለስበት ግን አሮጌ ዛፍ ቆሞ ሳለ ልጅ እንደሚያጣ አሳይተዋል። በዚህ መነሻነት ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመሆን እንደ ዣራና ደብረ ሰና ባሉ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አስተባብረዋል። ድንጋዩ ከአካባቢው ማሳ የተለቀመ በመሆኑ ካቡ ደኑን ሲጠብቅ ማሳውም ለእርሻ ተመቸ።

እነዚህ ደኖች ለምን ቆዩ? ሲባል “ሰው እግዚአብሔርን ስለፈራ” የሚለው መልስ ይቀድማል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉው መልስ አይደለም። ደኑ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም በሥፍራው የሚኖር ነው። ማን ምን ይቁረጥ፣ መቼ ይቁረጥ የሚለውን የሚወስኑ ሰዎች ውሳኔያቸው የሚያመጣውን ጉዳት እዚያው ሆነው ያዩታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደኑ ለገበያ የሚቀርብ አይደለም። ለቤተ ክርስቲያን ጥገና ዛፍ ይቆረጣል፤ ለአትራፊ ግን አይጫረትም። ይህንን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ተወቃሹ ገበሬ ብቻ ነውን?

ኮሌጅ በነበርንበት ጊዜ “በሃያኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ የኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ ነበር፤ ዛሬ ወደ 3 በመቶ ወርዷል” የሚለውን አባባል በቃል እስክንይዘው ተምረናል። እኔም ሥራ ከጀመርኩ በኋላ በሥልጠና መድረክ ላይ ለአርሶ አደሮች ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ። የንግግሩ ትርጉም ግልጽ ነበር፦ ጥፋቱ የእናንተ ነው የሚል።

ኋላ ላይ ሳነብ ግን ጉዳዩ እንዲህ ቀላል አለመሆኑን ተረዳሁ። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ የ40 በመቶው ቁጥር በቂ ማስረጃ ሳይኖረው ከሰነድ ወደ ሰነድ ሲገለበጥ የኖረ መሆኑን አሳይቷል። የደጋው ክፍል በብዙ ቦታ ከረጅም ዘመን ጀምሮ የሚታረስ፣ ደኑም አንዴ ሲሰፋ አንዴ ሲጠብ የኖረ ነው። ቁጥሩ ራሱም እንደ መለኪያው ይለያያል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2015 የደንን ትርጉም ስታሻሽል ቢያንስ ግማሽ ሄክታር ስፋት፣ 2 ሜትር የዛፍ ቁመትና 20 በመቶ የቅጠል ሽፋን ያለው መሬት ደን እንዲባል በመወሰኗ የቆላው ጫካና የቀርከሃው ደን ተቆጥሮ ሽፋኑ 15.5 በመቶ ሆኗል። ይህ ማለት በአንድ ሌሊት ዛፍ በቀለ ማለት አይደለም፤ አቆጣጠሩ ተለወጠ እንጂ።

ይህን የምጽፈው ገበሬው ዛፍ አልቆረጠም ለማለት አይደለም። ቆርጧል። ነገር ግን የደን ታሪካችንን በቅንነት ስናየው ከማረሻው ባልተናነሰ ቤተ መንግሥት፣ ጦር፣ ከተማና ገበያ ደኑን ሲበሉት ኖረዋል። ደብረ ታቦር የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ በነበረችበት ዘመን በአጠገቧ ባለችው በጋፋት መድፍ ይሠራ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ተጎተተ። ያን ሁሉ ብረትና ነሐስ ለማቅለጥ ከሰል ያስፈልግ ነበር፤ ከሰሉም ከዛፍ እንጂ ከሌላ አይመጣም። በዐፄ ምኒልክ ዘመንም አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት አዲስ ዓለም ላይ ሌላ ከተማ እስከ መቆርቆር ተደርሶ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት በ1880ዎቹ አጋማሽ ገደማ ከውጭ የገባው ባሕር ዛፍ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው “ማን ቆረጠ?” ብቻ ሳይሆን “ለማን ተቆረጠ?” የሚልም ሊሆን ይገባል።

ቆላው፣ ሰሊጡና በሽታው

ይህን ጥያቄ ይዘን ከደጋው ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ እንውረድ። ብዙዎቻችሁ መንገዱን በእግራችሁ ታውቁታላችሁ።

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሁመራ ሜዳ ሰፋፊ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ እርሻዎች ተስፋፉ። ትራክተር ያለው ባለሀብት በሺህ የሚቆጠር ጋሻ መሬት ሲያለማ ለአረምና ለአጨዳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የደጋ ሰው ይወርድ ጀመር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን በአዋጅ ሲወርስ እርሻዎቹ ባለቤት ቀየሩ እንጂ ሥራው አልቆመም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በመተማ፣ በቋራና በአካባቢው መሬት ለባለሀብት በኪራይ መስጠቱ፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሠፈራና የውጭው የሰሊጥ ፍላጎት ተደማምረው ጫካው እየተመነጠረ ሄደ። ቻይና ዋናዋ የሰሊጣችን ገዥ ሆነች፤ የእስራኤል ጣሂና ፋብሪካዎችም የሁመራን ሰሊጥ በስሙ ያውቁታል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ስሙ የሚጠራ የውጭ ምንዛሪ ምንጭ ሆኗል።

ሰሊጥ መጥፎ ሰብል ነው አልልም። ጥፋቱ አዝመራው የተስፋፋበት መንገድ ላይ ነው። መሬት በርካሽ ሲገኝ ያረሰውን መንከባከብ ሳይሆን ሲደክም ጥሎ ሌላ ጫካ መመንጠር ያተርፋል። የተመነጠረው ጫካ ደግሞ ባዶ መሬት አልነበረም፤ የዕጣን ዛፍ የቆመበት ነበር።

የዕጣን ዛፍ ቅርፊቱ እየተፋቀ በበጋ ወራት ሙጫውን ይሰጣል። ቁስሉ በዝቶ ዕረፍት ካላገኘ ይደክማል፣ ትል ይገባበታል፣ ዘሩም መካን ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2012 በመተማ አካባቢ የተደረገ የኢትዮጵያና የሆላንድ ተመራማሪዎች ጥናት ይፋ ሲሆን ብዙ ሰው ደነገጠ። ነባሮቹ ዛፎች ሲሞቱ የሚተካቸው ወጣት ዛፍ አልተገኘም። ሁኔታው ካልተለወጠ በ15 ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ፣ በ50 ዓመት ውስጥ ደግሞ የዛፉ ቁጥር በ90 በመቶ እንደሚቀንስ ተተነበየ። እሳት፣ ልቅ ግጦሽ፣ ያለ ዕረፍት መፋቅና የእርሻ መስፋፋት በአንድነት የሠሩት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በጣራ ገዳም ጠዋትና ማታ የሚታጠነው ዕጣን ከቆላ የሚመጣ ነው። ገዳሙ በተራራው ላይ አንዱን ደን ሲጠብቅ ጥናው ላይ የሚጨሰው የሌላው ደን ትሩፋት ነው። ያኛው ካለቀ ይህኛውም ጎደሎ ይሆናል።

የሰሊጡ ገንዘብ ሌላም ዋጋ አስከፍሎናል። ካላዛር የተባለው በሽታ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያጠቃ የነበረው በተለይ ሜዳ ላይ፣ ከዛፍ ሥር የሚያድረውን የቀን ሠራተኛ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ግን በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች፣ በዚሁ በደጋው ሀገራችን ሰው በማያቋርጥ ትኩሳትና በሆድ እብጠት መሞት ጀመረ። በመጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ባከነ። በ1997 ዓ.ም. ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ከፈተ። በተከታዮቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ከ2000 በላይ ሰዎች ታከሙ። ተመራማሪዎች ከሁሉ ይበልጥ የተቀበሉት ማብራሪያ በሽታው ከቆላ እርሻ በተመለሱ ወቅታዊ ሠራተኞች ደም ገብቶ በአካባቢያችን ዝንብ ተዛመተ የሚለው ነው። ልጆቻችን ጥቂት መቶ ብር ይዘው ሲመለሱ በሽታውንም ይዘው መጡ። የሰሊጡ ትርፍ ሌላ ቦታ ተቆጠረ፤ ኪሳራው ግን እኛ ቤት ተቆጠረ።

ዝናባማው ደን በሊዝ ሲሰጥ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው ዝናባማ ደን ጫካ ቡና የተገኘበት ነው። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. ቬርዳንታ ሃርቨስትስ የተባለ የህንድ ኩባንያ በጋምቤላ ክልል ጎደሬ ወረዳ 3,012 ሄክታር መሬት ለሻይ ተክል ለ50 ዓመት ተሰጠው። ማር የሚቆርጡበትና ቡና የሚለቅሙበት ደናቸው መሆኑን ያስረዱት የመዠንግር ሽማግሌዎች እስከ አዲስ አበባ ድረስ አቤት አሉ። በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ደኑ እንዳይነካ ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጻፉ። ይሁንና ፕሮጀክቱ ቀጠለ።

በዚያው ክልል በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ የተባለ ሌላ የህንድ ኩባንያ 100,000 ሄክታር መሬት ተረከበ። ኪራዩ በዓመት ለአንድ ሄክታር 20 ብር ነበር። ይህ በዚያን ጊዜ አንዲት ዶሮ የማይገዛ ገንዘብ ነው። ኩባንያው መሬቱን መንጥሮ የተጠበቀውን ያህል ሳያመርት ጎርፍ መታው፤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. ውሉ ተሰረዘ። ኩባንያው ሄደ፤ ምንጣሮው ቀረ።

ለርካሽ ነገር ሰው አይሳሳም። በዓመት 20 ብር የሚከፈልበትን መሬት ማንም አይንከባከበውም። ገዥው ሩቅ ሀገር ሆኖ ዘይቱን፣ ሻዩን፣ ስኳሩን በርካሽ ይፈልጋል፤ በመሀል ያለው ኩባንያ ትርፉን ያሰላል፤ ዛፉ ግን በሒሳብ መዝገቡ ላይ ዋጋ የለውም። በብራዚል አማዞንም የሆነው ይኸው ነው። በዚያ ቺኮ ሜንዴስ የተባለ የጎማ ዛፍ ሙጫ ለቃሚ ባልንጀሮቹን በማኅበር አደራጅቶ ደኑን ለከብት እርባታ ከሚመነጥሩ ባለ ርስቶች ጋር ታገለ። በታኅሣሥ 1981 ዓ.ም. በቤቱ ደጃፍ ተገደለ። ከሞቱ በኋላ ግን የብራዚል መንግሥት ሙጫ ለቃሚዎች ዛፉን ሳይቆርጡ የሚጠቀሙበት ሰፊ ደን በስሙ ከለለ።

በአገራችንም ተስፋ አለ። የካፋ ጫካ ቡና አምራች ገበሬዎች ዩኒየን አባላቱ ከቆመ ደን ጥላ ሥር ያለውን ቡና ለቅመው በስሙ ይሸጣሉ። የካፋና የያዩ ደኖች በ2002፣ የሸካ በ2004፣ የጣና ሐይቅ ዙሪያ በ2007፣ የመዠንግርም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ በሕይወታዊ ክልልነት ተመዝግበዋል። መዝገብ ብቻውን ደን አይጠብቅም። ሆኖም የቆመ ዛፍ ከተቆረጠ ዛፍ የበለጠ ሊያበላ እንደሚችል እነዚህ ገበሬዎች አሳይተውናል።

እኛስ?

እስካሁን ስለ ባለሀብትና ስለ ኩባንያ ተናገርን። ስግብግብነት ግን የውጭ ሰው ብቻ አይደለም።

ዛሬ በወረዳችን ለእህል ይውል የነበረ ማሳ ባሕር ዛፍ እየለበሰ ነው። አጣናውና ቋሚው በአይሱዙ ተጭኖ እስከ ሱዳን ይሄዳል። አርሶ አደሩ ለምን ተከለ? አልለውም፤ ማዳበሪያ በተወደደበትና ሠራተኛ በጠፋበት ጊዜ የሚያዋጣውን ያውቃል። ነገር ግን አንዱ በማሳው ዳር ሲተክል የጎረቤቱ ጤፍ ይጫጫል፣ የጋራ ምንጭ ይደክማል። ትርፉ የአንዱ፣ ኪሳራው የብዙዎች ከሆነ በጎደሬና በሁመራ ከሆነው በምን ይለያል? መጠኑ አነሰ እንጂ አካሄዱ አንድ ነው።

የኑሮ ዘይቤያችንም ተለውጧል። ልጅ ሲዳር የዋንዛ ቁም ሳጥንና ቡፌ ካልገባ ሠርግ የሠርግ አይመስልም። የ1986ቱ የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. የደን አዋጆች ወጥተዋል። አዋጁ ወረቀት ላይ ሆኖ ጣውላው ግን ገበያ ላይ ነው። ለድግስ ተብሎ የሚቆረጠው ዛፍ፣ ለማያስፈልግ ዕቃ የሚገባው ዕዳ አባቶቻችን “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ያሉት ነው። የከተማውም ሰው ከሰሉን በጆንያ ሲገዛ የት ተቃጠለ? ብሎ አይጠይቅም። የማይጠይቅ ገዥ ባለበት የሚሳሳ ሻጭ አይኖርም።

የዩኒየናችን ድርሻ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 በ1991 ዓ.ም. ሲወጣ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ሲተካ አንድ ነገር አልተለወጠም፦ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። አሥር ዕጣ የገዛም አንድ ዕጣ የገዛም በጉባኤ እኩል እጁን ያወጣል። ከኩባንያ የሚለየን ዋናው ነገር ይህ ነው። ኩባንያ ባለቤቱ ሩቅ ነው፤ የእኛ ባለቤት ግን ምንጩ ሲደርቅ የሚጠማው፣ በሽታው ሲመጣ የሚታመመው አባል ነው። ስለ ጣራ ገዳም ደን ቀደም ብዬ ያልኩትን አሁን ማስታወስ ይገባል፤ የሚወስነው ሰው ጉዳቱን እዚያው ሆኖ የሚያየው ከሆነ ደን ይቆያል።

ሆኖም ማኅበር ተብሎ መመዝገብ ብቻውን ከስግብግብነት አያድንም። ትርፍ ብቻ የሚቆጥር ማኅበር ስሙ ማኅበር፣ ሥራው ኩባንያ ይሆናል። ስለዚህ ለውይይት እንዲሆኑ ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መሠረታዊ ማኅበራት የባሕር ዛፍ ምርታቸውን በአንድነት ሲሸጡ የት መተከል እንዳለበትና እንደሌለበት በመተዳደሪያ ደንባቸው ይወስኑ። ከምንጭና ከመስኖ ማሳ አጠገብ የተተከለውን ማኅበሩ አይግዛ።

ሁለተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን ደኖች ዙሪያ ንብ ማነብና የአገር በቀል ችግኝ ጣቢያ ለወጣቶች ይደራጅ። የወይራና የዋንዛ ዘር ከእነዚህ ደኖች ካልተለቀመ ከየትም አይመጣም። ይህም ከሰበካ ጉባኤያት ጋር በመመካከር እንጂ ከላይ በትእዛዝ ሊሆን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርዱ የአባላት ልጆች ያለ አጎበርና ያለ ውል እንዳይወርዱ፣ ሲመለሱም ትኩሳት ከያዛቸው ፈጥነው እንዲመረመሩ ዩኒየኑ ከጤና ጣቢያዎች ጋር ይሥራ። የሰው ጉልበት ወደ ገበያ የምንልከው ዋናው ሀብታችን ነውና።

ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎችም አንድ ቃል አለኝ። መሬት ለባለሀብት ሲሰጥ “ስንት ሄክታር ለማ?” ከሚለው ጋር “ስንት ዛፍ ጠፋ? ማን ተጎዳ?” የሚለውም በሪፖርት ቅጹ ላይ ይጨመር። የማይጠየቅ ነገር አይቆጠርም፤ የማይቆጠር ነገር ደግሞ ሳይታወቅ ያልቃል።

የጣራ ገዳም ደን እስከ ዛሬ የቆመው ሀብታም ስለጠበቀው አይደለም። የሚጠብቁት መነኮሳት ከአንዲት ሽልጦና ከቆሎ ያለፈ ፍላጎት የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ሁላችን እንመንኩስ አልልም፤ ልጅ ያለው ሰው ቆርቆሮም፣ ዩኒፎርምም፣ ሕክምናም ያስፈልገዋል። ግን የሚበቃንን የማወቅ ልማድ ከእነርሱ ብንማር ከዚህ በዓል በኋላ ለሚመጡት በዓላት የምናወርሰው ተራራ እንደ ለበሰ ይቆያል።

መልካም የምሥረታ በዓል!